የቁም ጽሕፈት ስደት፦ ከመቃ ብዕር እስከ እርሳስ ፊደል

የሠርግ ጥሪ ወረቀት የደረሰው ሰው ከሙሽሮቹ ስም አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በፊደሉ ላይ ነው። ቋሚው እግር ወፍሮ፣ አግድሙ መስመር እንደ ፀጉር ቀጥኖ፣ የፊደሉ ራስ በሰያፍ ተቆርጦ፣ ቀይና ጥቁር ቀለም ተፈራርቆበት ከሆነ፣ «ይህስ የቁም ጸሐፊ እጅ ነው» ይላል። ከኮምፒዩተር የወጣ መሆኑን እያወቀም ይላል። በምግብ ቤት ታፔላ፣ በመጽሐፍ ሽፋን፣ በዘፈንና በመዝሙር ካሴት ልባስ፣ በማኅበር መታወቂያ ላይ ሁሉ ይኸው የእጅ ጽሕፈት መልክ ያለው ፊደል ሲመረጥ ኖሯል፤ ዛሬም ይመረጣል።

ይህ መልክ ግን ከብራና ተነሥቶ ወረቀት ላይ እስኪያርፍ 500 ዓመት የፈጀ መንገድ ሄዷል። የመንገዱም አብዛኛው ክፍል ከአገር ውጭ ነበር። ግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና የታተመው በአክሱም ወይም በጎንደር አይደለም፤ በሮም ከተማ ነው። ፊደሉን ወደ እርሳስ ያሻገሩትም ከአገራቸው የራቁ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ናቸው። በስደት ምድር ጋዜጣ ማሳተም፣ ለልጆች ፊደል ማስቆጠር የዛሬ ሰዎች የጀመሩት ሥራ የሚመስለው ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መልኩን የሰጠው መቃው ነው

የግዕዝን ፊደል መልክ የወሰነው መሣሪያው ነው። ቁም ጸሐፊው መቃ ይቆርጣል፤ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጎ ይቀርጸዋል፤ ቀለም እንዲወርድለት መካከሉን ይሰነጥቀዋል። ይህ ብዕር ወደ ታች ሲሳብ በሙሉ ስፋቱ ስለሚያርፍ የፊደሉ እግር ይወፍራል። ወደ ጎን ሲሄድ ግን በጠርዙ ስለሚሄድ መስመሩ ይቀጥናል። የ«ለ» እግር፣ የ«መ» ክብ፣ የ«ሐ» ሦስት እግሮች ውበታቸው ከዚህ ከወፍራምና ከቀጭን መፈራረቅ የመጣ ነው።

ብራናው ከፍየል፣ ከበግ ወይም ከጥጃ ቆዳ ተፍቆ ሲዘጋጅ ዳር ዳሩ በወስፌ ይበሳና በደነዘዘ ጫፍ መስመር ይወጣለታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ይቀመማል። ቀዩ ቀለም ደግሞ ለጌታ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም ለምዕራፍ መነሻ ተለይቶ ይቀመጣል። በላቲን ጽሕፈት አንድን ቃል ለማክበር ትልቅ ፊደል ወይም የተጋደመ ፊደል እንደሚገባ፣ በግዕዝ የክብሩ ምልክት ቀለሙ ነበር። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ የተጋደመ ፊደልም አልነበረውም።

የጥንቱን እጅ በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ያሳያሉ። በካርቦን ምርመራ የብራናቸው ዕድሜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ተገምቷል። በኋለኛው ዘመን፣ በተለይ በጎንደር ነገሥታት ጊዜ፣ ጕልሕ የተባለው ትልቅና የተሟላ ጽሕፈት ለታላላቅ መጻሕፍት ሲውል፣ ረቂቅ የተባለው ደቃቅ ጽሕፈት ደግሞ ብዙ ቃል በትንሽ ቦታ ለማስፈር ያገለግል ነበር። ዛሬ አንድ ጋዜጣ ለርእስና ለዝርዝር ጽሑፍ የተለያየ ፊደል እንደሚመርጥ ሁሉ የጥንት ጸሐፍትም ለእያንዳንዱ ሥራ የሚስማማውን እጅ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

የማተሚያ መኪና ሲመጣ ግን ሌላ ችግር ተነሣ። ላቲን በ26 ፊደል ይጻፋል። የግዕዝ 26 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 182 ይሆናሉ፤ እንደ ቈ፣ ኰ፣ ጐ ያሉት 20 ሲጨመሩ 202 ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ ፊደል በብረት ጫፍ ላይ ቅርጹን ተገልብጦ መቅረጽ፣ ያንን በመዳብ ላይ መትቶ ጉድጓድ ማውጣት፣ በጉድጓዱም ውስጥ እርሳስ አቅልጦ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ብረቱን የሚቀርጸው አንጥረኛ ፊደሉን የማያውቅ ባዕድ ሲሆን ደግሞ «ከ» እና «ኩ» የሚለያዩበት አንዲት ትንሽ ጭረት የቆሻሻ ነጥብ ሊመስለው ይችላል።

ሮም፣ 1513

በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ይሉታል። በኢየሩሳሌም በኩል የመጡ መነኮሳት በዚያ ያድሩ፣ በዚያ ይቀድሱ ነበር።

በዚያን ጊዜ በሮም ይኖር የነበረ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን እነዚህ መነኮሳት ሲያዜሙ ሰማ። ቋንቋውን አላወቀውም። ከለዳዊ ነው ብሎ ገመተ፤ ግምቱ ስሕተት ነበር፤ ጉጉቱ ግን እውነተኛ ነበር። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ መምህር ሆነለት። ፖትከን ከቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የብራና ዳዊት ተውሶ፣ ፊደሉን ከዚያ እያስቀረጸ፣ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በማርቼሎ ዚልበር ማተሚያ ቤት አሳተመ። በመኪና የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ይህ ነው። መጽሐፉ ለአውሮፓውያን የፊደል ገበታም ነበረው። በ1518 ደግሞ ፖትከን በኮሎኝ የዕብራይስጥ፣ የግሪክ፣ የላቲንና የግዕዝ ዳዊት ጎን ለጎን አሳተመ።

ዘመኑ በአውሮፓ የእጅ ጽሕፈት ወደ እርሳስ የሚሻገርበት ዘመን ነበር። በቬኒስ አልዶ ማኑዚዮ በ1501 ያወጣው የተጋደመ የላቲን ፊደል ፍራንቼስኮ ግሪፎ የተባለ ቀራጭ ከሊቃውንቱ የእጅ ጽሕፈት ወስዶ የቀረጸው ነው። ዛሬ በፈረንጅ የሠርግ ጥሪ ላይ የሚታየው ጌጠኛ ፊደል ሁሉ ከዚያ ልማድ የወረደ ነው። ልዩነቱ፣ ግሪፎ የሚቀርጸውን ፊደል ያነብ ነበር፤ የሚያየው እጅ የአገሩ እጅ ነበር። የፖትከን ቀራጭ ግን በብራና ላይ ያየውን ባዕድ ምስል ነው የቀረጸው። ስለዚህ የ1513ቱ ፊደል ይነበባል፤ የመቃው ወዝ ግን ጎድሎታል። እግሮቹ ደረቅ ናቸው፤ ፊደላቱ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

የደብረ ሊባኖሱ ስደተኛ

ከዚህ በኋላ የመጣው ሰው አባ ተስፋ ጽዮን ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበር። ገዳሙ በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለ፤ አያሌ መጻሕፍት በየአድባራቱ ነደዱ። ተስፋ ጽዮንም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ገባ፤ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጠ፤ ፈረንጆቹ ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ ብለው ጠሩት። ከሊቃውንቱና ከካርዲናሎቹ ተወዳጀ። ከወዳጆቹ አንዱ ኋላ ጳጳስ የሆነው ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ ነበር።

ተስፋ ጽዮን የገባው ነገር አንድ ነው፦ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ አንድ እሳት ይበቃዋል። የታተመ መጽሐፍ ግን በብዙ እጅ ስለሚገኝ አይጠፋም። ከአገሩ ይዟቸው በመጡና በሮም ባገኛቸው ጽሑፎች ተረድቶ፣ ሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድሞቹን ይዞ፣ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። ቅዳሴም ጨመረበት። ያተሙት ቫሌሪዮና ሉዊጂ ዶሪኮ የተባሉ ወንድማማቾች ነበሩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የግብረ ሐዋርያት ቅጂያቸው ጎደሎ ስለ ነበር ከላቲንና ከግሪክ እየተረጎሙ ሞሉት፤ ይህንንም አልሸሸጉም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ጽፈው አስታወቁ። ከዚህ ይልቅ የሚነካው ግን ስለ ማተሙ የጻፉት ይቅርታ ነው። አታሚዎቹ ማንበብ እንደማይችሉ፣ እነርሱም ማተም እንደማያውቁ፣ ሁለቱ ወገኖች ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ እንደ ተረዳዱ ገልጸው፣ አባቶችና ወንድሞች ስለ ስሕተቱ ይቅር እንዲሏቸው ለመኑ።

ያ ሥራ ቤት ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ፊደል ለቃሚው ጣሊያናዊ ከሳጥኑ ትንንሽ እርሳሶች አንድ በአንድ እያነሣ ይደረድራል። «ሀ» ቢገለበጥበት «በ» ይመስለዋል፤ «ለ» እና «ሰ» ይምታቱበታል። አጠገቡ መነኩሴው ቆሞ ስሕተቱን ያያል፤ ነገር ግን እጁ መሣሪያውን አልለመደም። የሚያውቀው አይሠራም፤ የሚሠራው አያውቅም። የግዕዝ ኅትመት የመጀመሪያዎቹ 400 ዓመታት ታሪክ በዚህች አጭር ይቅርታ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስሕተት ይኑርበት እንጂ ሥራው ፍሬ አፈራ። ከተስፋ ጽዮን የተማረው ማሪያኖ ቪቶሪዮ በ1552 የመጀመሪያውን የግዕዝ ሰዋስው በዚያው በሮም አሳተመ። በ1657 በለንደን ታትሞ የተፈጸመው ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስም ግዕዙን ሲያሰፍር የሮሙን ሐዲስ ኪዳን መሠረት አድርጎ ነው። ተስፋ ጽዮን ግን ይህን አላየም። ሐዲስ ኪዳኑ ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ገና ሳያረጅ፣ በስደት እንዳለ ዐረፈ።

አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ሌላ መነኩሴ ይገኝ ነበር፤ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ መጥቶ አገኘው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከታተሙ መጻሕፍት አጥንቶ ስለ ነበር ድምፁን ከባለቤቱ አፍ መስማት ፈለገ። ጓደኝነታቸው ጸና። በ1652 ጎርጎርዮስ በጎታው መስፍን በኧርንስት ግብዣ ወደ ጀርመን ሄደ፤ ግዕዝና አማርኛም አስተማረ። በደብዳቤም ተጻጻፉ። ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ በአሌክሳንድሬታ አጠገብ ተሰብሮ ሰጠመ።

ሉዶልፍ ከእርሱ የተማረውን ይዞ በ1661 የግዕዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በለንደን ታተመለት። እትሙ ግን ስሕተት ስለበዛበት አላስደሰተውም፤ በ1699 መዝገበ ቃላቱን፣ በ1702 ሰዋስውን በፍራንክፈርት አርሞ እንደገና አሳተመ። ከዚያ በፊት በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አውጥቶ ነበር። አማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀ፣ ጨ የመሳሰሉትን ስለሚጨምር የእርሳሱ ሳጥን ከግዕዙ የሰፋ መሆን ነበረበት። ጎርጎርዮስ የነገረው ቃል ሁሉ በሉዶልፍ መጽሐፍ ገጽ ላይ በእርሳስ ፊደል ሰፍሮ ይገኛል፤ ባለቤቱ ግን ገጹን አላየውም።

የዚህ ዕጣ ደራሽ የሆነ ሌላም አለ። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተረጎመ፤ በገዛ እጁ የጻፈው ጽሑፍ 9,539 ገጽ ነበር። በ1819 በወረርሽኝ ሞተ። በ1820 ጽሑፉ በ1,250 ፓውንድ ተገዝቶ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተላለፈ፤ ወንጌሎቹ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 በለንደን ታተመ።

ወደ አገር ቤት

በቀይ ባሕር ዳርቻ በምጽዋ በ1863 አንድ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ማተሚያ አስገባ። በአዲስ አበባ ግን ጋዜጣ የተጀመረው በእርሳስ አይደለም። በምኒልክ ዘመን፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ ያዘጋጀው፣ ንጉሠ ነገሥቱም «አእምሮ» ብለው የሰየሙት ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይሠራጭ ነበር። ብዕር ለመኪና ቦታውን የለቀቀው ቀስ በቀስ ነው።

ራስ ተፈሪ በ1921 ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይህን ታሪክ ለወጠው። በስሙ የተጠራው ጋዜጣ በ1925 ወጣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊደል ለቃሚውም አራሚውም ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከሳጥኑ እርሳስ የሚያነሣው ልጅ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ያለቀሰበት ክፍተት ከ370 ዓመት በላይ ቆይቶ በአዲስ አበባ ተደፈነ። የእርሳሱ ፊደል ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፓ የሚመጣ ነበርና መልኩ ከመቃው እጅ ራቅ ያለ፣ ደርቆ የቆመ ሆኖ ቆየ። ስለዚህ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የክብር ወረቀትና የማኅተም ጽሑፍ ሲያስፈልግ ባለሥራዎች ወደ እጅ ጸሐፊው መሄዳቸውን አልተዉም።

ታይፕራይተሩ መጣና ችግሩን አከበደው። የመኪናው ቁልፎች ከ50 አይበልጡም፤ የአማርኛ ፊደል ግን ከ230 በላይ ነው። በኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚታወቀው ጥረትና ከእርሱ በኋላ የመጡት መኪናዎች የወሰዱት መፍትሔ ፊደሉን መቆራረጥ ነበር፦ መጀመሪያ አካሉን መምታት፣ ከዚያ የካዕቡን ጭረት ወይም የኃምሱን ቀለበት ከጎኑ መለጠፍ። ሥራው ተፋጠነ፤ ቢሮዎች ተጠቀሙ። የፊደሉ መልክ ግን ተጎዳ። ቀለበቱ ከእግሩ ይርቃል፤ «ላ» ቀኝ እግሩ የረዘመ ሳይሆን ቅጥያ የታሰረለት ይመስላል። «ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል» የሚለው ክርክርም በዚያው ዘመን ጋለ። መኪናው ለፊደሉ መስተካከል ሲገባው ፊደሉ ለመኪናው ይቆረጥ መባሉ ብዙ ሊቃውንትን አሳዘነ። ፊደሉም ሳይቆረጥ ቀረ።

ፊደሉ እንደገና በስደት

ኮምፒዩተር ሲመጣ ታሪክ ራሱን ደገመ፤ ፊደሉ ወደ አዲሱ መሣሪያ የተሻገረው እንደገና በውጭ አገር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ባለሙያዎች፣ አንዳንዶቹ ከሥራ ሲመለሱ በምሽት፣ ፊደሉን በስክሪን ላይ ነጥብ በነጥብ ሠሩት። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ነበር። መሣሪያውን የያዘው እጅ ፊደሉን የሚያነብ እጅ ነበር።

ይሁንና አዲስ ጣጣ ተፈጠረ። የዚያ ዘመን ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው የአማርኛን ፊደል ለሁለትና ከዚያ በላይ መክፈል ግድ ሆነ። እያንዳንዱ ድርጅትም ፊደላቱን በፈለገው ቦታ አስቀመጠ። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በስደት የሚታተሙ ጋዜጦች አዘጋጆች ከሌላ ከተማ በዲስክ የተላከላቸውን ጽሑፍ እንደገና ከመጀመሪያው ሲጽፉ ያነጉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ውዝግብ የፈታው ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት ነው። በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትሙ 345 የግዕዝ ምልክቶችን ተቀበለ፤ ለእያንዳንዱም የማይለወጥ ቁጥር ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓዲስ አበባም በዋሽንግተንም በሪያድም ያው «ሀ» ነው።

ቦታው ከተወሰነ በኋላ ጥያቄው ወደ መልክ ተመለሰ። በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋራ የመጣው «ኒያላ» የወፍራሙንና የቀጭኑን መፈራረቅ ለስክሪን ለማስማማት የሞከረ ነው። «አቢሲኒካ» የተባለው በነፃ የሚታደል ፎንት ደግሞ መነሻው የቁም ጽሕፈት ልማድ ነው። በነፃ ከተለቀቁት ፎንቶች መካከል በቁም ጸሐፊው በይገዙ ብስራት ስም የተሰየሙም አሉ። አንድ የእጅ ጽሕፈት ሊቅ ስሙ በማሽን ፊደል ላይ ሲቀመጥ፣ መቃውና መኪናው ታረቁ ማለት ይቻላል።

እርቁ ግን በተጠቃሚው እጅ ሊበላሽ ይችላል። በየማስታወቂያው የሚታየው ስሕተት ሦስት ነው። አንደኛው፣ ጌጠኛውን የእጅ ጽሕፈት ፊደል ለረጅም ጽሑፍ ማዋል ነው። ጕልሑ ለርእስ፣ ለስምና ለጥሪ ያምራል፤ ገጽ ሙሉ ሲነበብ ግን ዓይን ያደክማል። ለዝርዝሩ ረጋ ያለውንና ቀለል ያለውን መምረጥ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ቦታ ሲጠብ ፊደሉን መጭመቅ፣ ሲሰፋ መለጠጥ ነው፤ ያን ጊዜ ወፍራሙ ይቀጥናል፣ ቀጭኑ ይወፍራል፣ የመቃው ሕግ ይፈርሳል። ሦስተኛው፣ እንደ ላቲኑ ማጋደም ነው። ግዕዝ ሲጋደም የቆመ ሰው የተገፋ ይመስላል። ማጉላት የፈለገ ሰው የአባቶቹን መንገድ ቢከተል አያፍርም፦ ቀይ ቀለም።

በቅዱስ እስጢፋኖስ አዳራሽ የተቀመጠው ተስፋ ጽዮን ገዳሙ ነድዶ፣ አገሩ ርቆ፣ አታሚው ሳይገባው፣ ይቅርታ እየጠየቀም ቢሆን መጽሐፉን አወጣ። የእርሱ ችግር ዛሬ የለም፤ ፊደሉ በእያንዳንዱ የእጅ ስልክ ውስጥ ይገኛል። የቀረው ሌላ ችግር ነው። ፊደሉ በስልኩ ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን «ለ» እና «ሰ» የሚለይ ልጅ በቤቱ የሌለ ወላጅ ከዶሪኮ ወንድማማቾች ሥራ ቤት ገና አልወጣም። መሣሪያው በእጁ አለ፤ የሚያነበው ጠፍቷል። በየከተማው ቅዳሜና እሑድ ፊደል የሚያስቆጥሩ መምህራን፣ መቃ ቆርጠው ቁም ጽሕፈት የሚያስተምሩ ጥቂት አባቶችም የሚሠሩት ሥራ ይህንኑ ክፍተት መድፈን ነው። ልጁን ወደ እነርሱ የሚልክ ወላጅ የተስፋ ጽዮንን ሥራ እየቀጠለ ነው።